ዘጠኝ ፎቅና የፔንግዊን ትንፋሽ

ገና ላልሰጠሁት ነገር አስቀድሞ እንደሚያመሰግነኝ ሰው የሚያበሳጨኝ የለም። ቶሮንቶ ደግሞ በዚህ የተካነች ከተማ ናት። መንገድ ይቆፍራሉ፣ ባቡር ያቆማሉ፣ ከዚያ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ይለጥፋሉ። ማን ታገሠ? አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይኸው ነው።

የምኖረው ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰራችን ከቆመ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። በሩ ላይ ያው ምስጋና አለ፤ መቼ እንደሚሠራ ግን አንድ ቃል የለም። ልቤ ደካማ ነው። ይባስ ብሎ፣ ወራት የጠበቅኩት የልብ ሐኪም ቀጠሮ ደረሰ። መውረዱን ወረድኩ፤ ቁልቁለት ማንንም አያቅትም።

ሐኪሙ ጋ ወረፋ ስጠብቅ ስለ ፔንግዊን አነበብኩ። አትሳቁ! ይህ ወፍ ሳንባውን ብቻ አምኖ ባሕር አይገባም። ኦክስጅኑን በደሙም በጡንቻውም ያከማቻል። ከጠለቀ በኋላ የልቡን ምት ያዘገያል፤ ለጊዜው ብዙ ወደማያስፈልገው አካል የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ ከመጥለቁ በፊት የሚሄድበትን ጥልቀት የገመተ ይመስል ለሩቁ ብዙ፣ ለቅርቡ ጥቂት አየር መሳቡ ነው። ወፍ እንኳ መንገዱን ገምቶ ይነሣል። የእኛ ሕንፃ አስተዳዳሪ ግን ስንት ሳምንት ትንፋሻችንን ይዘን እንደምንቆይ ሊነግረን አልፈለገም።

«ደረጃ አያብዙ» የሚል ምክር ተሸክሜ ስመለስ፣ አስተዳዳሪው መግቢያው ላይ ከሁለት ወጣቶች ጋር ቆሟል፤ ባዶ ቤት ሊያሳያቸው ነው። ያለኝ ትንፋሽ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል፦ ወይ ልወጣበት፣ ወይ ልናገርበት። አስተዋይ ፍጡር ይቆጥበው ነበር።

እኔ ተናገርኩበት።

ለሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩትን እንግሊዝኛ በሙሉ አወረድኩበት። ስጨርስ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ያን ጊዜ ልጅቷ «ውይ፣ እማማ!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

ለካ የእኛው ልጆች ናቸው!

«ልጆቼ፣» አልኩ እያለከለክኩ፣ «እዚህ ቤት እንዳትገቡ! ሦስት ሳምንት ሙሉ በደረጃ ነን።»

«የሚያሳየን አሥረኛውን ነው፤» አለች። «አሁን ያለነው ከመሬት በታች ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ እማማ። መስኮት እንኳ የለውም። ደረጃ ምናችን ነው?»

«ዋናው ማመልከቻችንን ተቀብለው አፕሩቭ ያድርጉን እንጂ!» አለ ባሏ፣ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ።

ግራና ቀኝ ይዘው አወጡኝ። በየፎቁ «ይረፉ፣ አንቸኩልም» ይሉኛል። አስተዳዳሪው ቁልፉን እያቅጨለጨለ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ቤቱን በዚያው ቀን ተዋዋሉ።

አሁን ዳቦና ወተቴን ይዘውልኝ ይወጣሉ፤ መድኃኒቴን ያመጡልኛል፤ ቀጠሮ ሲኖረኝ ያወርዱኛል። እግዜር ይስጣቸው። አሳንሰሩ ግን እንደቆመ ነው። ትናንት ቢሮው ድረስ ሄጄ መቼ እንደሚጠገን ብጠይቀው፣ አስተዳዳሪው ፈገግ አለ።

«የእርስዎስ ጉዳይ ተፈታ እኮ፤» አለኝ፣ «እነዚያን ጥሩ ልጆች አግኝተዋል።»

ያናደደኝ ልጆቹ ጥሩ መሆናቸውን ማስተባበል አለመቻሌ ነው።