ቆላ የወረደው የደም ግፊት

የደም ግፊት የየት አገር በሽታ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄያለሁ። ሥራዬ መጠየቅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአዲስ አበባ ነው አሉኝ፤ ጭንቀቱ፣ ሩጫው። አንኮበር ስደርስ የደብረ ብርሃን ሰዎች ሆነ፤ እዚህ እዚያ ለመድረስ ባጃጅ የሚጠሩት። ቁልቁል ቆላ ወረድኩ። እዚያ ደግሞ የደገኞች ነው፤ ብርዱ ደም ሥራቸውን ጨምድዶት፣ ቅቤው ተጨምሮበት። ሁሉም ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ልግስና በሌላ ነገር አይቼ አላውቅም።

አጎቴ ጋሽ ተክሌ የአንኮበር ሰው ናቸው። አምና ደብረ ብርሃን ተመርምረው ግፊት ተገኘባቸው፤ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። ኪኒኑ አላሳመናቸውም። ያሳመናቸው አንድ ጎረቤታቸው ነው፤ ግፊት ደጋ ይወዳል፣ ቆላ ቢወርዱ ይለቅዎታል አላቸው። ቆላ የተዳረች ልጃቸው አስቴር ቤት ወረዱ። ኪኒኑስ? አንኮበር፣ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት። በስልክ ብጠይቃቸው፣ ግፊቱ የቀረው እዚያ ስለሆነ መድኃኒቱም እዚያው መቅረት አለበት አሉኝ። ልብ በሉ፣ ክርክሩ እንከን የለውም። የተሳሳተው መነሻው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ የሻይ ብርጭቆ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄደ። አስቴር ደወለችልኝ፤ መኪና ተከራይቼ ወረድኩና ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይዣቸው ወጣሁ። ያ ዳገት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። እጃቸውን ይዤ ጨበጥ ያድርጉኝ እላቸዋለሁ። ጨበጥኩህ ይሉኛል። እጄ ግን ምንም አልተሰማውም።

ሐኪሟ ስትሮክ ነው፣ ደግነቱ ቀላሉ ነው አለች። ጋሽ ተክሌ በግማሽ አፋቸው ተከራከሩ።

«እኔ እኮ ግፊቱን ትቼው ነው የወረድኩት።»

«ግፊቱማ አብሮዎት ወርዷል፣ አባቴ። ትተው የወረዱት ኪኒኑን ነው።»

እጃቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ኪኒኑ ሁለት ሆነ። ሙቀቱን ስለለመዱት፣ ኪኒኑን በኪሳቸው ይዘው አስቴር ቤት ተመለሱ።

ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእሳቸው መታመም ያስደነገጠው የመንደሩ ጤና ጣቢያ መለኪያ አስመጥቶ አዋቂውን ሁሉ መለካት ጀመረ። ግፊት ያለበት ሰው ከዚህም ከዚያም ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ኪኒን ታዘዘላቸው። መለኪያው ከመምጣቱ በፊት በመንደሩ አንድም ግፊት አልነበረም፤ ሁሉም ይመሰክራል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አስቴር ቤት መጡ። እኔም ለጥየቃ ወርጄ እዚያው ነበርኩ። የሽማግሌዎቹ መሪ ሐጂ ሰዒድ በትሕትና ጀመሩ።

«ወላሂ ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎን እንወድዎታለን። ግን ይቺን ግፊት ይዘውብን መጡ። እርስዎ ይቀመጡ፤ እሷን ብቻ ወደ ላይ ይመልሱልን።»

እኔ ማስረጃዬን ልደረድር ጉሮሮዬን ስጠርግ ጋሽ ተክሌ ቀደሙኝ። በቀን ስንት ኪኒን እንደሚውጡ ጠየቋቸው። አንድ አንድ ነው አሉ።

«እኔ ሁለት ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ፣ የዳነ እጃቸውን ሁለት ጣት ቀስረው። «የአንኮበሩ ይሄ ነው። የእናንተ ባለ አንዱ እዚሁ የበቀለ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወጡ። በማግሥቱ ሐጂ ሰዒድ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ለአንድ ደገኛ ሁለት እየተሰጠ ለእኔ ለምን አንድ ብለው እንደተከራከሩ ነርሷ ነገረችኝ።