እትዬ ታቢታ ሳይጠይቁ አያድሩም

በየሰፈሩ ሳይጠይቅ የማያድር አንድ ሰው አለ። እናንተም ሰፈር አለ። ካጣችሁት ምናልባት ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ቀበሌ መታወቂያ ሲሰጠው «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ «ጠያቂ» ብሎ ቢጽፍለት ማንም ቅር አይለውም።

በሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እኛ መንገድ ላይ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ታቢታ ናቸው። ስድስት ልጅ አሳድገው ለወግ ማዕረግ ያበቁ፣ በስልሳ ዓመታቸው በብስክሌት የሚንቀሳቀሱ ሴት ናቸው። ጥያቄያቸውን ሁሉ «ልጠይቅ ብዬ ነው እንጂ» ብለው ይጀምሩታል፤ ልክ ሐኪም መርፌ ከመውጋቱ በፊት በጥጥ እንደሚያብሰው።

እኔ በመምህርነት ተመድቤ የማቴዎስን ሰርቪስ ቤት የተከራየሁ ዕለት ፍራሼ ገና ከጋሪ አልወረደም ነበር። እትዬ ታቢታ ብስክሌታቸውን አቆሙና «መምህር ሽበሺ፣ ልጠይቅ ብዬ ነው እንጂ፣ ሚስት ያላገባኸው አጥተህ ነው ወይስ ፈርተህ?» አሉኝ። ስሜን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባለጋሪው ፍራሹን እንደተሸከመ ቆሞ መልሴን ጠበቀ።

ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ደግሞ ፓስተሩ ስለ ትዕግሥት እየሰበኩ ሳለ እጃቸውን አውጥተው «ፓስተር፣ እርስዎ ቤትዎ እንዲህ ነዎት?» ብለው እንደጠየቁ ይወራል። የፓስተሩ ባለቤት ከፊት ወንበር ላይ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወጡ አሉ። የቀበሌ ሹሞች ግምገማን የሚፈሩትን ያህል እኛ እትዬ ታቢታን እንፈራ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የማቴዎስ ሚስት ሮማን ታመመች። ሮማን እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባለች ሱቋ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ሳቋ ከስፌት መኪናው ድምፅ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ሐኪሞች ካንሰር መሆኑን ነግረው ወደ አዲስ አበባ ላኳት፤ እዚያም ቀዶ ሕክምና ተደረገላት።

ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ፀደይ አሥራ አራት፣ ሩሐማ ሰባት ዓመታቸው ነበር። እኛ ጎረቤቶች ማቴዎስ ሳሎን ተሰብስበን ልጆቹ እንዳይሰሙ ወሰንን። እናታቸው የታመመች አክስታቸውን ልታስታምም ሄዳለች ተባለ። የበሽታው ስም ራሱ በግቢው ውስጥ እንዳይነሳ ተከለከለ፤ «ያ ነገር» እያልን እናወራ ጀመር። ክፍል ገብቼ ስለ እውነተኛነት የማስተምረው እኔማ ነገሩን ለማሳመር የአክስትየዋ በሽታ ሪህ ነው ብዬ ሁሉ ጨመርኩበት።

«ከሁሉም በላይ እትዬ ታቢታ እንዳይሰሙ» አለ ማቴዎስ። እሳቸው ግን ከሰሙ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር።

ስድስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሰፈሩ ሁሉ ብስኩትና ሙዝ እየያዘ ይመጣል። ልጅ ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደግ ሲሆንበት ይሸበራል። ፀደይ በትምህርቷ ወረደች። ሩሐማ መብላት አቆመች፤ አልጋዋ ላይ መሽናት ጀመረች። ብርድ ነው ብለን ሌላ ብርድ ልብስ ደረብንላት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማቴዎስ ሚስቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄዶ፣ እኔ ግቢው ውስጥ ለፀደይ ሒሳብ አስረዳለሁ፤ ሩሐማም አጠገቧ ተቀምጣለች። እትዬ ታቢታ ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ገቡና ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«ልጠይቅ ብዬ ነው እንጂ፣ እናታችሁ የት ያለች ይመስላችኋል?»

እኔ በኃይል አሳልኩ።

«መምህር፣ ሳል ከያዘህ ጤና ጣቢያ ሂድ» አሉኝ ዞር ሳይሉ።

ፀደይ እርሳሷን አስቀመጠች። «አክስታችን ጋ ናት ይሉናል። አክስቴ ግን ባለፈው ሳምንት ደውላ ‹እናትሽ እንዴት ሆነች?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«ታዲያ ምን አሰብሽ?»

«ሞታ የደበቁን መሰለኝ።»

ሒሳቡ ጠፋብኝ። ልጅቷ ይህን በሆዷ ይዛ ስንት ቀን ትምህርት ቤት ሄዳ እንደተመለሰች አሰብኩ።

«አልሞተችም» አሉ እትዬ ታቢታ። «ትናንት በስልክ አነጋግሬያታለሁ። ካንሰር የሚባል በሽታ ጡቷ ላይ ወጥቶባት ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡት። አሁን እንዳይመለስ መድኃኒት እየሰጧት ነው። መድኃኒቱ ያስመልሳታል፣ ፀጉሯንም ያረግፈዋል። ትድናለች ብዬ አልምልላችሁም፤ አላውቅማ። የማውቀውን ግን አልደብቃችሁም።»

ፀደይ አለቀሰች። ግን ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ፤ ለስድስት ሳምንት ሽቅብ ተሰቅሎ ነበር።

እትዬ ታቢታ ወደ ትንሿ ዞሩ። «አንቺስ ሩሐማ? በሽታውን ምን ያመጣው ይመስልሻል?»

ሩሐማ የጫማዋን ጫፍ አየች።

«እኔ» አለች።

«እንዴት አንቺ?»

«ከአልጋ ላይ ዘልዬ ጡቷን በክርኔ መታኋት። ‹ውይ ጡቴን!› አለች። ከዚያ ታመመች።»

እትዬ ታቢታ ጥያቄ ሲያልቅባቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ልጅቷን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። እኔ ስድስት ልጅ አጥብቻለሁ። ጡቴን ያልነከሰ፣ ያልረገጠ አንድም የለም። ካንሰር በክርን የሚመጣ ቢሆን ሐዋሳ ውስጥ አንድ እናት አትተርፍም ነበር። አንቺ አላመጣሽውም። በመተቃቀፍም አይተላለፍም።»

«ስድስቱም ነከሱዎት?»

«ትልቁማ አሁንም ጥርሱ ክፉ ነው።»

ሩሐማ ሳቀች፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ያን ማታ ሁለት እንጀራ በላች።

ማቴዎስ እሑድ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ እትዬ ታቢታ በር ላይ ሄዶ ጮኸ። «ማን ፈቀደልዎ? ልጆቼ ናቸው!»

«ልክ ነህ» አሉ እሳቸው። «መጀመሪያ አንተን ማናገር ነበረብኝ። እሱ ጥፋቴ ነው። ውሸት ንገሪያቸው ካልከኝ ግን አልችልበትም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳይረግጡ!»

አልረገጡም። በየጠዋቱ ግን በአጥሩ ቀዳዳ እያንሾካሾኩ እኔን ይጠይቁኝ ነበር፦ «በላች? አልጋዋ ደረቅ ነው? ትልቋስ ታወራለች?»

በልታለች፤ አልጋዋም ደርቋል። ፀደይ ደግሞ ለእናቷ ደውላ «ፀጉርሽ ረገፈ ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። ሮማን ያን ዕለት ለባሏ «ከታመምኩ ወዲህ ሳልዋሽ ያወራሁት ዛሬ ነው፤ እንዴት እንደቀለለኝ» አለችው።

እትዬ ታቢታ ደጁን በተከለከሉ በአሥራ አንደኛው ቀን ከሐኪሞቹ ሌላ ወሬ መጣ። በሽታው ብብቷ ውስጥም ተገኝቷል፤ ከመድኃኒቱ በኋላ የጨረር ሕክምና ያስፈልጋታል። ለገናም አትመጣም። ማቴዎስ እኔን አስከትሎ እትዬ ታቢታ ቤት ሄደ።

«ይምጡና ይንገሩልኝ» አላቸው አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ቃሉ ከአፌ አይወጣም።»

«አይሆንም። ይሄ የአባት ሥራ ነው። አጠገብህ ግን እቀመጣለሁ።»

ማቴዎስ ቤቱ ተመልሶ ሶፋው ላይ ልጆቹን አስቀምጦ ጀመረ። «እናታችሁ… ያ… ያ ነገር…» ላብ አጠመቀው። እትዬ ታቢታ ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ እንዴት እንደቻሉት እግዜር ይወቅ።

ሩሐማ የአባቷን ጉልበት መታ መታ አደረገች። «ካንሰር በለው አባዬ። እኛ እኮ እናውቀዋለን።»

ማቴዎስ ሁለቱንም አቅፎ «ካንሰር» አለ። የቀረውንም ሁሉ ነገራቸው።

ሮማን ግንቦት ላይ ሻሽ አስራ መጣች። መናኸሪያ ድረስ ሄደው የተቀበሏት ልጆቿ አልደነገጡም፤ ሩሐማ ሻሹን ገልጣ አይታ «የዶሮ ጫጩት ትመስያለሽ» አለቻት። ይኸው አራት ዓመት ሆናት፤ ትሰፋለች፣ ትስቃለች፣ በየስድስት ወሩ ለምርመራ ስትሄድ ልጆቿ ቀኑን ያውቁታል።

እትዬ ታቢታ ባለፈው ወር ዲላ የልጅ ልጅ ተወልዶላቸው ሄዱ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። በሰላም ወጥቼ እገባለሁ፤ የሚያስቆመኝ የለም። ሦስት ቀን ዕረፍት መሰለኝ። በአራተኛው ቀን ስልክ አንስቼ ደወልኩላቸው፤ ስለ እናቴ የደም ግፊት፣ ስለ ርእሰ መምህሩ፣ አንዲት ልቤ ስለወደቀባት የፋርማሲ ሠራተኛ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

እትዬ ታቢታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሳልጠይቅህ እኮ ነው የነገርከኝ» አሉኝ። በጣም ቅር ብሏቸው ነበር።