ኮርቻ ሥር የተደበቀችው ጠባቂ

ሰው ንብረቱን በዓይኑ ብቻ ይጠብቅ በነበረበት ጊዜ ቢያንስ ሲተኛ ያርፍ ነበር። ዓይኑን ጨፈነ፣ አበቃ። ዛሬ ጠባቂውን በኪሳችን ይዘን ስለምንዞር እረፍት የሚባለው ነገር ጥሎን ሄዷል። እናንተስ ስልካችሁን በቀን ስንቴ ታያላችሁ? እኔ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ከትምህርት ቤት ቀድሜ የወጣሁ፣ ከሥራ ግን ያልወጣሁ ሰው ነኝ። ዕቃ ከጉምሩክ ከሚያስለቅቁት ትራንዚተሮች ቢሮ ወረቀት ተቀብዬ ኬላው ላይ ለተሰለፉት የጭነት መኪና ሾፌሮች አደርሳለሁ። እግሬ ብስክሌቴ ናት። እሷ ከሌለች ወረቀቱን ሌላው ይወስደዋል፣ ከወረቀቱ ጋር እንጀራዬንም። እዚህ ደግሞ የተሰረቀ ብስክሌት ድልድዩን ተሻግሮ ጋላባት ከገባ የሱዳን ብስክሌት ሆነ ማለት ነው፤ ዜግነት ለመቀየር አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ስለዚህ የክብሪት ሣጥን የምታክል መከታተያ ገዛሁ። የእኛ ኔትወርክ ሲያሰኘው ስለሚጠፋ፣ እንደ ብዙው የከተማችን ሰው የሱዳን ሲም አጎረስኳት። ኮርቻው ሥር ስፖንጁን ቦርቡሬ ደበቅኳት። ብስክሌቷ ንቅንቅ ካለች ስልኬ ላይ መልእክት ትልካለች። ነፋስ ሲነካት ላከች። ፍየል ስትታከካት ላከች። ስንት ምሳ ሳልጨርስ ሮጫለሁ መሰላችሁ። ድሮ በቀን አንዴ እሰጋ ነበር፤ አሁን ሥጋቱ በመልእክት ይደርሰኝ ጀመር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ብስክሌቴን ከእትዬ ዘውድነሽ የሰሊጥ መጋዘን ደጃፍ አቁሜ፣ ትራንዚተሩ ቢሮ ወረቀት ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ተንቀሳቅሳለች። ካርታውን ከፈትኩ። ጋላባት ይላል።

እንዴት እንደሮጥኩ አልነግራችሁም። ድልድዩ አፍ ላይ አንድ ሰው ጆንያ የጫነ ብስክሌት ይገፋል። ቀይ። የእኔም ቀይ ናት። ገና አልተሻገረም፣ ካርታው ትንሽ ቀድሞት ይሆናል ብዬ እጀታውን አነቅሁት።

«ልቀቅ!»

«ምኑን ነው የምለቀው ወንድምዓለም? ባጨዳ ገንዘቤ የገዛኋት ናት።» አነጋገሩ የጎጃም ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ።

«ደረሰኝ አለህ?» አለው የኬላው ጥበቃ።

«የብስክሌት ደረሰኝ ደግሞ ማን ይይዛል?»

ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ከእኔ ጋር ነበር፤ እኔን ያውቁኛል፣ እሱን አያውቁትም። አንዱማ ዱላ አንስቷል። እኔም «ኮርቻው ሥር መከታተያ አለ፣ ቅደዱት» አልኩ። ቀደዱት። ስፖንጅ ብቻ። ሰውየው የወጣውን ስፖንጅ በጣቱ ወደ ተቀደደው ኮርቻ ይመልሳል።

ይኼኔ ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ዘውድነሽ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ብስክሌቷን እዚያ ፀሐይ ላይ ገትረህ የት ገባህ? ጎማዋ ሳይፈነዳ ብዬ መጋዘን አስገባኋት።»

መተማ ውስጥ ቀትር ላይ ፀሐይ የሚያቃጥለው ጎማ ያየ ሰው ባለቤቱን አይጠይቅም፤ ጎትቶ ጥላ ያስገባል። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። መከታተያዋ ግን አታውቅም። በኋላ አንድ ስልክ ጠጋኝ እንዳስረዳኝ፣ ቆርቆሮ ሥር ስትገባ ሳተላይቱን አጣችው፤ ያለችበትን ከሲሟ የኔትወርክ ማማ ጠየቀች፤ ማማው ያለው ጋላባት ነው፤ እሷም ጋላባት ነኝ አለች።

ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ። ዱላ ያነሳው ዱላውን መመርኮዝ ጀመረ። እኔና እሱ ብቻ ቀረን።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ኮርቻህን አሰፋልሃለሁ። መከታተያዋንም ልስጥህ።»

«ምን ልታረግልኝ? እሷ የምታወራው ካንተ ጋር ነው። ይልቅ ስልክ ቁጥርህን ስጠኝ። እኔ በየቀኑ በዚህ ነው የማልፍ፤ ነገ ደግሞ ሌላው ይይዘኛል። ያን ጊዜ አንተ የሱ ናት ትላለህ።»

ሰጠሁት።

መከታተያዋን አጥፍቼ አስቀምጫታለሁ፤ ሥጋቱ ግን አልጠፋም፣ በሌላ ቁጥር ይደውላል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ከኬላው ተደውሎልኛል። ዱላ የያዘው ሰው ቀድሞኝ እንዳይደርስ እየጸለይኩ እበርራለሁ፤ ደርሼም «የሱ ናት» እላለሁ። ወዲያው ያምኑኛል፤ ይለቁታል።

የእኔዋን ግን፣ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬባት እያዩ፣ የማን ናት ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም እኮ ደረሰኝ የለኝም።