አምስት መንደር፣ አንድ የጠፋ ባል

ብርድ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል! እኔም አስፈልጎኝ ነበር።

ነገሩን የጀመረው እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የሚስቴ ወንድም ዳኛቸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ምሳ በልቶ ሲያበቃ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«አልፕስ ተራራ! አምስት መንደር፣ ሁሉም በገመድ ላይ በሚሄድ ሊፍት የተያያዘ። ካንዱ ወደ ሌላው ስኪ እያደረግክ በበረዶው ተንሸራተህ ትገባለህ።»

«እኔ የደጄን በረዶ መጥረግ መሮኛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው ላይፍን ኢንጆይ የምታደርገው?»

ሚስቴ ሂሩት ሳቀች። ትኬት ያስቆረጠኝ ያ ሳቅ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ደረስን። መንደር ይሉታል እንጂ... ዶሮ የለው፣ የሚያማ ጎረቤት የለው! ሰዉ ሁሉ በፕላስቲክ ቡት እግሩ እንደተሰበረ ይንገዳገዳል። አንዳንዱም የምሩን ተሰብሯል።

ሂሩትን ከጀማሪዎች ጋር ትቼ ቀይ ጃኬት የለበሰውን ዳኛቸውን ተከትዬ ሊፍት ላይ ወጣሁ። ጫፍ ላይ ቡቴን ሳጠብቅ ቆይቼ ቀና ስል፣ ቀይ ጃኬቱ ቁልቁል ተወረወረ። ተከተልኩት፤ ግማሹን በስኪ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ። እነሱ ስኪ ይሉታል፤ እኔ ያተረፍኩት ሲቃ ነው! ታች ደርሼ ትከሻውን ጨመደድኩት።

«ሰው ገደል ላይ ትቶ ይሮጣል?»

ዘወር ቢል... ፂማም ፈረንጅ!

መንደሩም የኛ አይደለም። ሆቴላችን ከተራራው ማዶ ቀርቷል፤ የሚመልሰው ሊፍት ሊዘጋ ነው፤ ያን ቁልቁለት ደግሞ ዳግም አልሞክረውም። ለሂሩት ደወልኩ።

«የት ነህ?»

«እኔ እንጃ። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የቺዝ ሱቅ አለ...»

«እሱማ አምስቱም ጋ አለ! የሊፍቱን ስም አንብብልኝ።»

ፊደል በፊደል አነበብኩላት። «ንቅንቅ እንዳትል!» ብላ ዘጋችው።

አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። ዛሬ ጠዋት ስኪ የተማረች ሴት እኔን ፍለጋ ገደል ብትገባስ? አንድ ምሰሶ ተደግፌ ስለቴን ተሳልኩ።

ብዙም ሳትቆይ ከአውቶቡስ ወረደች፤ ጫማዬን በፌስታል ይዛ። የተደገፍኩት ምሰሶ ለካ የፌርማታው ኖሯል!

«ያ ወንድምሽስ?» አልኳት ቡቴን እየጎተትኩ።

«ሆቴል ነው። ቁልቁለቱን ሲያየው ወኔው ከዳው፤ በወጣበት ሊፍት ተመልሶ ወረደ።»

ስንገባ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ሁለት አሜሪካውያን ሽማግሌዎችን ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ያስተምራል።