የበረዶው ምስክር

ውሸታም ሰው ምስክር አያስፈልገውም። ምስክር የሚያስፈልገው እንደ እኔ እውነቱን ትንሽ አሳምሮ ለሚያወራ ሰው ነው። የመካነ ሰላም በረዶ የበሬ ሻኛ ያህላል ስል ደጎሎ ገበያ የማይስቅብኝ ማን አለ? «ጋሽ ደምሴ፣ አምና የዶሮ እንቁላል ነበር ያሉን» ይሉኛል። ታዲያ በረዶ አያድግም?

ስለዚህ ሰዓዳ የምትባል ተመራማሪ መጥታ «መሣሪያዬን ግቢዎ ልትከል» ስትለኝ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ከዓባይ በረሃ የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ሽቅብ ወጥቶ ያንን ሁሉ መብረቅና በረዶ እንዴት እንደሚወልድ ነው የምታጠናው። መሣሪያው ሙቀቱን፣ ንፋሱን፣ የሚመታውን በረዶ ሳይቀር ይመዘግባል። እንዲህ ያለ ምስክር ከየት ይገኛል? «አባባ፣ ምንም ቢመጣ እንዳይነኩት» አለችኝ። ወላሂ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝንብ አላሳረፍኩበትም!

ደመናው ግን ኮራብን። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ አንድ ደህና የበረዶ ዶፍ ካልያዘች ልጅቱ ባዶ እጇን መመለሷ ነው። «አብሽሪ፣ ደመናውን እኔ እጠራልሻለሁ» አልኳት።

ወግዲ ያቆመችውን ሌላ መሣሪያ ልታይ በሄደችበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ተነሣ። ምን ተነሣ ብቻ፣ ሰባት ተራራ ተደራርቦ ቆመ! መብረቁ ሰማዩን እንደ አቡጀዲ ተረተረው። በረዶው ወረደ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የበሬ ሻኛ አልነበረም፤ የዶሮ እንቁላል ነው። ግን ደህና ዶሮ የጣለችው! እኔ በር ላይ ቆሜ «መዝግብ የኔ ጌታ! አንዷም እንዳታመልጥህ!» እያልኩ እጨፍራለሁ።

ባለቤቴ ይመኙሻል ከኋላዬ መጥታ፣ «ኧረ እፈር፣ አንተ ጣራ ሥር ሆነህ የሰው አደራ በበረዶ ይቀጥቀጥ?» አለችኝ። ዞር ብዬ አየሁት። ንፋስ መለኪያው ብቻውን ይንሰፈሰፋል። የወሎ ሰው ግቢው ያረፈ እንግዳ ሲደበደብ ቆሞ ያያል? ድስት ራሴ ላይ ደፍቼ ወጣሁ፤ ከነዘንጉ ነቀልኩት፤ በጋቢ ጠቅልዬ ምድጃ ዳር አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ሰዓዳ እየሮጠች መጥታ መዝገቡን ከፈተች። «አባባ፣ በረዶው ጥቂት ደቂቃ መትቶ ቆመ ይላል። ንፋስም የለም። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ የበረሃ ነው።» የጠቀለልኩበትን ጋቢ ሳሳያት እያለቀሰች ሳቀች።

ወሬው ደጎሎ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ዕድሜዬን ሁሉ ስጨምር ኖሬ የሚያጋልጠኝ ማስረጃ አልነበረም፤ አንድ ቀን ሳልጨምር ብናገር፣ የገዛ ምስክሬ «ወዲያው አባርቷል» አለና አረፈው።