ቢጫው መብራት ያለበት ቤት

ቤቱን ሊያሻሽል ቆርጦ እንደተነሳ ባል የሚያስፈራ ፍጡር ያለ አይመስለኝም። ሥራ የፈታ ባል ቢበዛ ይተኛል። የተናደደ ባል ወጥቶ ተንጎራዶ ይመለሳል። ሊያሻሽል የተነሳው ግን መሰላል ይዞ ነው የሚመጣው፤ መሰላል ላይ የወጣ ሰው ደግሞ ከታች የሚሉትን አይሰማም። ይህን የምለው ከሩቅ ታዝቤ አይደለም። ባለመሰላሉ እኔው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በቆጣሪ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ኤሌክትሪክ ርካሽ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ከጎረቤት ገመድ የሳበ ነው። በየወሩ ሒሳቡ ስልኬ ላይ ሲመጣ ባለቤቴን ሳህራን ጠርቼ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። እሷም ሁልጊዜ አንድ መልስ አላት፦ አንብበህ ስትጨርስ ስልኩን ከቻርጀሩ ንቀለው። በመጨረሻ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ቤቱን በሙሉ ወደ ኤልኢዲ አምፖል ቀይሮ እንዴት እንደተገላገለ አጫወተኝ። አሮጌው አምፖል አብዛኛውን ኤሌክትሪክ የሚበላው ለሙቀት እንጂ ለብርሃን አይደለም ሲለኝ፣ ለካ ስንት ዘመን ሌባ ጣሪያ ላይ ሰቅዬ ኖሬያለሁ ብዬ ደሜ ፈላ። ማክሰኞ ማታ ወሰንኩ። ረቡዕ ከፊት ለፊት ጎረቤታችን ከሐጂ ሙሴ መሰላል ተዋስኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የቂልነቴን ልክ አታውቁትም። እኔ ድሬዳዋ ሳድግ እዚህ የተወለደችው ታናሽ እህቴ ሆዳን፣ ጉሌድ የሚባል የቡርኦ ከተማ ልጅ ትወዳለች። ሥራ እስኪይዝ ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች፤ በነዚያ ሦስት ዓመታት ሌላ የመጣላትን ሁሉ ሻይ አጠጥተን ሸኝተናል። የጉሌድ ትልቁ አጎት ግን፣ ቡርኦ ሴት ጠፍቶ ነው ወይ ሀርጌሳ ድረስ የሚኬደው የሚሉ ሰው ናቸው። ተለምነው ተለምነው፣ በቃ አንድ ጊዜ ለሽምግልና እሄዳለሁ፣ ሁለተኛ ግን አልመላለስም ብለው ሐሙስን ቀጠሩ። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ይመጣሉ። አባታችን ስላለፉ በእኛ ወገን የሚቀበሏቸው የእናታችን ወንድም ናቸው። ማክሰኞ ቀን ለጉሌድ አጎት ደውዬ አድራሻውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

አድራሻ ስል የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር እንዳይመስላችሁ። እዚህ አድራሻ ማለት የሚተረክ ነገር ነው። 31 ሜይ ወደሚባለው ሰፈር ትገባላችሁ፣ መስጊዱን በቀኝ ትታችሁ ታልፋላችሁ፣ ጎማ የሌለው ቦቴ ከቆመበት ትታጠፋላችሁ፣ ከዚያ በሩ ላይ ትልቅ ቢጫ መብራት ያለበት ቤት ነው አልኳቸው። መብራቱን የሰቀሉት አባቴ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ባጃጅ ነጂ ቢጫው መብራት ጋ ካላችሁት ሌላ ጥያቄ የለውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የራሱን ቤት የሚያስረዳው ከእኛ መብራት ተነስቶ ነው፤ ከቢጫው ሁለት በር ዝቅ ብሎ፣ ከቢጫው ማዶ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ማክሰኞ በአፌ የተናገርኩትን መብራት ረቡዕ በእጄ ፈታሁት። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል? ሳህራ ስም አውጥታለታለች፤ እዚህ የሚጻፍ ግን አይደለም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ አምፖል ሻጩ ጠይቆኝ ነበር። ነጭ ልስጥህ ወይስ ቢጫ አለኝ። ቁጠባው ያው ነው፣ የሚለየው የብርሃኑ ቀለም ብቻ ነው አለኝ። እኔ ግን ለውጥ ከመጣ መታየት አለበት ብዬ፣ የደረቴን ቁልፍ እያስተካከልኩ፣ ነጭ አልኩት። ማታ ሲበራ ሁላችንም ከሆስፒታል የወጣን መሰልን። ሳህራ ሳሎኑን ዙሪያውን አይታ፣ መድኃኒት የሚሸጠው በየትኛው መስኮት ነው ብላ ጠየቀችኝና ወደ መኝታ ቤት ገባች።

አሮጌዎቹን አምፖሎች መጣል ግን ሆዴ አልቻለም። ሐጂ ሙሴ መሰላላቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በካርቶን አድርጌ ሰጠኋቸው። የበሩን ትልቁን አምፖል ሲያዩ ማሻአላህ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ለእኔም ለዘሬም ረጅም ዱዓ አደረጉ። ጠዋት ሌባ ያልኩትን አምፖል ማታ ሰደቃ ብዬ ለጎረቤት አስታቅፌ፣ ደግ ሰው ነኝ እያልኩ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

ሐሙስ መጣ። የምሽቱ የመግሪብ ሶላት ተሰገደ። አጎቴ አዲስ ሽርጣቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ሆዳን እንደ ወጉ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሻዩ በፔርሙስ፣ እኔ በር ላይ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ከዚያም ሌላ ግማሽ ሰዓት። ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሄደ ትልቅ ሰው ኪሱ ውስጥ ስልክ እንዲጮህበት አይፈልግም። አጎቴ ሐሳባቸውን ለውጠው ይሆናል ማለት ጀመሩ። ከመጋረጃው ጀርባ ምንም ድምፅ የለም፤ እህቴን ስለማውቃት ዝምታዋ ከለቅሶ ይልቅ አስጨነቀኝ። ያኔ ሳህራ ወደ ውጭ ወጣ ብላ ተመለሰችና፣ በጣም ቀስ ብላ፣ የሐጂ ሙሴ በር ላይ የቆመችው የቡርኦ መኪና የማን ናት አለችኝ። ወጥቼ አየሁ። ከመኪናዋ በላይ የአባቴ ቢጫ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል።

ወላሂ መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ሹፌሩ የተነገረውን መብራት አይቶ ቆመ፣ በቃ። ሐጂ ሙሴ ደግሞ እንግዳ ምን ፈልገህ መጣህ ተብሎ አይጠየቅም የሚሉ የድሮ ሰው ናቸው፤ ግቡ ብለው ሻይ አቀረቡ። የቡርኦዎቹ እንግዶች የሚቀበላቸው ሽማግሌ የልጅቱ አጎት እንደሆነ ሰምተዋል፤ የተቀበላቸውም ሽማግሌ ነው። የልጅቱን ስም ደግሞ ፊት ለፊት መጥራት ነውር ነው፤ ስለዚህ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግመል፣ ስለ ዝምድና ረጅም ንግግር ካደረጉ በኋላ፣ ከዚህ ቤት ሴት ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው አሉ። ሐጂ ሙሴ ቤት ውስጥ ያላገባች ኢፍራህ የምትባል አንዲት ልጅ አለች። አባት ምን ይበሉ?

እኔ ስገባ ስምምነቱን ለሚያስረው ፋቲሓ እጅ ሊነሳ አንድ ቃል ነው የቀረው። ሰላምታ ሰጠሁ። ተቀመጥ ተባልኩ፣ ተቀመጥኩ። አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ቤት ተሳስታችኋል ልበል? ኢፍራህ ከግድግዳው ወዲያ ሆና እየሰማች፣ አባቷ በደስታ ሻይ ደጋግመው እየቀዱ? ዝም ልበል እንዳልል ደግሞ የሦስት ዓመት ጥበቃዋን ይዛ የተቀመጠች እህት ማዶ አለችኝ። እኔ የቀረበልኝን ሻይ ስጠጣ፣ ያዳኑኝ ራሳቸው ሐጂ ሙሴ ናቸው፤ ይህን ሲያደርጉም አላወቁትም። በእጃቸው ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ለእንግዶቹ ያመሰግኑኝ ጀመር። ጎረቤቴ ነው፣ ደግ ልጅ ነው፣ በሩ ላይ ያያችሁት ያ ቢጫ መብራት እንኳን እስከ ትናንት እሱ ቤት ነበር፣ ፈትቶ የሰጠኝ እሱ ነው አሏቸው።

የጉሌድ አጎት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አንዴ መብራቱ ወዳለበት በር፣ አንዴ ወደ እኔ አዩ። ፂማቸው በሒና የቀላ፣ ፊታቸው ኮስታራ ነው። በስልክ ድምፅህን ሰምቼዋለሁ ልበል አሉኝ። አዎ አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ተነስቶ መኪናውን አስነስቶ ወደ ቡርኦ ይመለስ ነበር፤ እኔም የጠበቅሁት ይህንኑ ነው። እሳቸው ግን ወደ ሐጂ ሙሴ ዞረው፣ አላህ እግራችንን ወደ በርዎ ያለ ምክንያት አላመጣም፣ ሚስት የምናጭላቸው ልጆች ብዙ አሉን፣ ሻይዎን ጠጥተናልና ኢንሻአላህ በስም ለይተን ተመልሰን እንመጣለን አሉ። ሐጂ ሙሴ ነገሩ ገባቸው። ቤቴ ክፍት ነው ብለው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙን። የዚያን ምሽት ከሁላችንም ትልቅ ሰው እሳቸው ነበሩ። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ።

ወደ ቤታችን ተሻገርን። ሽማግሌዎቹ ከነጩ አምፖል ስር ተደርድረው ሲቀመጡ የሒና ፂማቸው ሐምራዊ መሰለ፤ ሦስቱም ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን አደረጉ። አጎቴ ስለ ዝናብ ሊጀምሩ ሲሉ የጉሌድ አጎት በእጃቸው አስቆሟቸው፤ ስለ ዝናብ ማዶ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ ለአንድ ምሽት በቂ ነው አሉ። ከፋቲሓ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ አሉ። እኔ ስለ ጎሳ ነው፣ ስለ ጥሎሽ ነው፣ ስለ ልጅቱ ሃይማኖት ነው ብዬ መልስ አዘጋጀሁ። እሳቸው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ ለእንግዳ አድራሻ አድርጎ የሰጠውን መብራት በማግስቱ ነቅሎ ለጎረቤት የሚሰጥ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ገለጹ። ከዚያም በሙሉ ትሕትና፣ ይህ ነገር በቤተሰባችሁ በዘር የሚሄድ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

አጎቴ አቀረቀሩ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን እስከዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ያልተነፈሰችው፣ በወጉም ልትተነፍስ የማይገባት እህቴ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጥርት ባለ ድምፅ ቀደመችኝ። እሱ ያደገው ድሬዳዋ ነው፣ እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሀርጌሳ ነው አለች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ አልሐምዱሊላህ ብለው እጃቸውን ለፋቲሓ ዘረጉ።