የማንኪራዋ ባትሪ በጉባኤ

ስብሰባና መብራት ጣውንቶች ናቸው፤ አንደኛዋ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ያላመነ ቦንጋ ይምጣና አንድ ዎርክሾፕ ላይ ይቀመጥ።

ባለፈው ሰኔ፣ ታዳሽ ኃይልን ስለ ማስተሳሰርና የአየር ንብረት ለውጥን ከጎረቤት አገሮች ጋር ተባብሮ ስለ መቋቋም የሚመክር፣ ርዕሱ ብቻ ትንፋሽ የሚያሳጥር ጉባኤ ተጠራ። ከሁለት አገሮች እንግዶች መጡ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ፤ ማለትም ሰዎች ያሉትን ሳይሆን ሊሉ ይገባቸው የነበረውን የምጽፍ።

ጉባኤ ያለ ተሞክሮ ይደምቃል? አይደምቅም። ስለዚህ ከቦንጋ ወጣ ካለችው ከማንኪራ ቀበሌ ንብ አናቢው ጋሽ ገብረሚካኤል ከነሶላራቸውና ከነባትሪያቸው ይቅረቡ ተባለ። ሄጄ ስጠይቃቸው እምቢ አሉ። ልጃቸው ምሕረት በጉባኤው ማግስት የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ የምታጠናው በዚያች ባትሪ መብራት ነው። ለማሳያ ብቻ ነው፣ እንደ ሞላች ማታ ትመለሳለች ብዬ ማልኩላቸው። የቢሮ ሰው ለመሐላ መቼ ሰንፎ ያውቃል? ባጃጅ ላይ ጫንናትና ቦንጋ ገባን።

ከወንዞቻችን ተነሥቶ ድንበር ስለሚሻገረው ኃይል ስላይድ እየታየ፣ ገና ሁለተኛው ላይ መብራቱ ድርግም አለ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ አይደል? ጄኔሬተሩስ እንዳትሉኝ፤ ናፍጣ አልነበረውም። ስለ ንጹሕ ኃይል ለሚመክር ጉባኤ ናፍጣ መግዛት ነውር ሆኖባቸው ነው ብዬ ልከራከርላቸው እችላለሁ።

ያኔ የሰብሳቢው ዓይን ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ባትሪ ዞረ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከፕሮጀክተሩ ጋር ትገናኝ አሉ። ጋሽ ገብረሚካኤል እኔን አዩኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

ጥቂት ደቂቃው አንድ ሰዓት አለፈው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ባትሪዋን መልሶ የሚሞላ ፀሐይ የለም። የመጨረሻው ስላይድ በኩራዝ የምታጠና የገጠር ልጅ ፎቶ ነበር። ሰብሳቢው ይህ ታሪክ ሆኖ ይቀራል ሲሉ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ፤ ባትሪዋም እዚያው ላይ ሞተች።

ጋሽ ገብረሚካኤል ገመዳቸውን ጠቅልለው ወደ እኔ መጡና ምን ብዬ እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ምን ላድርግ፣ አነበብኩላቸው፦ የማንኪራ አርሶ አደር ለጎረቤት አገሮች ኃይል ማቅረብ ጀምረዋል።

ገመዱን ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉ።

«ደግ ነው ልጄ» አሉኝ። «አሁን እንግዲህ ለዛሬ ማታ ኩራዝ የሚያውሰኝ ጎረቤት ፈልግልኝ።»